ካቡናሬ የቆፈረው የባባይ ጉድጓድ

ካቡናሬ ከመርከብ ሥራ የተመለሰ ቀን እኔ ከቤቴ ፊት ያለው መደብ ላይ ተቀምጬ ለምንጣፍ የሚሆን የፓንዳነስ ቅጠል እሰነጥቅ ነበር። አንድ ሻንጣ ይዟል፤ ጫማ አድርጓል። በእኛ መንገድ ጫማ ያደረገ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። አሸዋው ስለሚከዳው እንደ ሰከረ ይረግጣል።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ» አለኝ።

«ከየት ትመጣለህ?» አልኩት፣ ሁላችንም እንደምንጠያየቀው።

«ከመርከብ።»

«ወዴት ትሄዳለህ?»

ቆሞ ከእኔ አጠገብ ያለውን የራሱን ቤት አየ። ጣሪያው ወርዷል፤ የቀሩት አራት ምሰሶዎች ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጀርመኖች መርከብ ላይ ሠርቷል። በሁለት ዓመት አንዴ ይመጣል፣ ልጁን ይስማል፣ ጣሪያ ይጠግናል፣ ይሄዳል። ሚስቱ ተኡሪያ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ሞቷን በመርከቡ ራዲዮ ሰማ። ያን ጊዜ የነበረበት ባሕር በረዶ የሚንሳፈፍበት ነው ይላሉ፤ ከዚያ እስከ እኛ ደሴት መምጣት ቀላል አይደለም።

«መቃብሯ የትኛው ነው?»

«ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር። ነጭ ድንጋይ የተደረደረበት።»

ሄዶ ቆመ። እኔ ቅጠሌን አስቀምጬ ጠበቅሁ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በሚስቱ መቃብር ላይ ጮኾ ያለቅሳል፣ ጎረቤትም ሰምቶ ይመጣል፣ አብሮ ያለቅሳል። ልነሳ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አንዷን ድንጋይ ነካ አደረጋት።

«ድንጋዩን ማን ደረደረው?»

«እኔና ልጅህ።»

«በደንብ ተደርድሯል» አለ።

ማታ ዓሣ ቀቅዬ ላክሁለት። እጄ ስቶ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ከላክሁት በኋላ የራሴን ስቀምስ ነው ያወቅሁት። በማግስቱ ሳህኑን አጥቦ መለሰው። ሁሉንም በልቶታል። «ጨው አልበዛብህም?» ስለው፣ «ጨው ነበረው እንዴ?» አለኝ።

ልጁ ራኬራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ በመንደሩ ሌላ ጫፍ ከእናቷ እናት ከማኩሪታ ጋር ትኖራለች። ማኩሪታን የማይፈራት የለም። እኔ አብሬያት ያደግሁት እንኳ እፈራታለሁ። ሰው ብቻውን አማቱ ዘንድ አይሄድምና ካቡናሬ ልጁን ሊጠይቅ ሲነሳ እኔ አብሬው ሄድሁ።

«እህ፣ ጀርመኑ መጣ» አለች ማኩሪታ። ምንጣፍ አላነጠፈችልንም። «አንቺ ደግሞ ኤሪታቤታ፣ በእግርሽ መጣሽ? ጉልበቴ ሞተ ስትዪ አልነበር?»

«ሞቷል። በሞተ ጉልበት ነው የመጣሁት» አልኋት።

ካቡናሬ ቆሞ፣ «ልጄን ልወስድ ነው» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤቴ።»

«ቤትህን አይቼዋለሁ። አራት እንጨት ነው። ወፍ ያርፍበታል።»

«እሠራዋለሁ።»

«ቤትማ ማንም ይሠራል። የልጅቷ ቀን ሲደርስ ምን ይዘህ ትመጣለህ? ሩዝ በከረጢት? የቆርቆሮ ሥጋ?»

ቀኗ ያለችው ደሟ መጀመሪያ የሚመጣበትን ቀን ነው። ያን ቀን ልጅቷ በአዲስ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ አባቷም ከገዛ ጉድጓዱ ያወጣውን ባባይ፣ በጉድጓድ ጭቃ ውስጥ የሚተከለውን ትልቁን ሥራ ሥር፣ ይዞ መጥቶ ከጎኗ ይቀመጣል። የተገዛ ባባይ አይሆንም፤ ከሰው የተለመነም አይሆንም። አባቷ ጉድጓድ ከሌለው አጎቷ የራሱን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ የአጎቷ ናት። በስሙ ትጠራለች፣ የሚድራትም እሱ ነው። አባት በሕይወት እያለ እንዲህ የሆነበት ሰው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ልጁን በመንገድ ሲያገኛት ሰላም የሚላት እንደ ሰው ልጅ ነበር።

«የአባትህ ጉድጓዶች የት አሉ?» አለችው ማኩሪታ፣ እያወቀች።

«ባሕር ገባባቸው።»

«እንግዲያ ቆፍር። ባባይ ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ልጅቷ ምን ያህል እንደምትፈልግ እሱን እግዜር ያውቃል። እኔ በአሥራ አንድ ነው የመጣብኝ፤ እናቷ በአሥራ አራት። ልጄ ሩዋቱ ሁለት ጉድጓድ አለው። ከደረስክ አንተ ትቀመጣለህ። ካልደረስክ ሩዋቱ ይቀመጣል። እስከዚያ ልጅቷ ከእኔ ጋር ናት። በቃ፣ ጨርሻለሁ።»

ራኬራ ከምሰሶው ኋላ ቆማ ታየን ነበር። ወደ አባቷ አልመጣችም። እሱም እጁን እስከ ደረቱ አንስቶ መልሶ አወረደው።

በመንገድ ላይ ብዙ ሄደን ሳለ፣ «ቁመቷ ጨምሯል» አለኝ።

በሳምንቱ መቆፈር ጀመረ። ከቤቱ ኋላ፣ ከእኔ አጥር ማዶ፣ ስድስት እርምጃ በአራት እርምጃ የሚሆን ቦታ በገመድ ለካ። ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ላዩ ነጭ አሸዋ ነው፣ እሱ ቀላል ነው። ከአሸዋው ሥር እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ድንጋይ አለ፣ እሱን በብረት ዘንግ ነው የሚሰብሩት። ካቡናሬ እንደ መርከብ ሰው ሠራ። አራት ሰዓት ይቆፍራል፣ ስምንት ሰዓት ያርፋል። ዝናብ ቢዘንብ፣ እሑድ ካልሆነ በቀር፣ ተራው ሲደርስ ይነሳል። ተራው ሲያልቅ ዘንጉ ድንጋይ ውስጥ እንደተሰካ ትቶት ይወጣል። አንድ ቀን እንኳ ትንሽ ጨምሮ ሲሠራ፣ ወይም ትንሽ ቀንሶ ሲወጣ አላየሁም።

ሽማግሌው ቤኒያሚና በየቀኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ መጥቶ ይቆማል። ሥራ የለውም፤ ሥራው ሰው ላይ መቀለድ ነው።

«ካቡናሬ! ጀርመን አገር ልትደርስ ትንሽ ነው የቀረህ!»

«አዎ አባባ።»

«እዚያ ስትደርስ ለእኔ መነጽር ላክልኝ!»

«እሺ አባባ።»

ቤኒያሚና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይሄ ሰው አይሰደብም» አለኝ እንደ ተከፋ። «ስድቡን ሁሉ ይቀበላል። ደስ አይልም።»

ጉድጓዱ ሁለት የሰው ቁመት ሲሆን ውኃ ወጣ። እኔ አጥሩ ሥር የወደቀ ኮኮናት የምለቅም መስዬ አየሁ። ሁሉም የሚያውቀውን ልናገር፤ የአባቴን ዘዴ አልናገርም። ከአሸዋችን ሥር ጣፋጭ ውኃ አለ። ከጣፋጩ ሥር ደግሞ የባሕሩ ውኃ አለ። ጣፋጩ ስስ ነው፣ በጨዋማው ላይ እንደ ቅጠል ተኝቷል። የት ላይ መቆፈር እንደሚያቆሙ ካላወቁ ቅጠሉን ይበሱታል።

ካቡናሬ አላቆመም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ቆፈረ። ውኃው ጉልበቱን አለፈ።

«ብዙ አልጠለቀም?» አለው ቤኒያሚና፣ ያን ቀን ሳይቀልድ።

«ጥልቅ ይሻላል አባባ። መርከብ የሚሰበረው ጥልቀት በሌለበት ነው።» ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጠጣ። «ጣፋጭ ነው።»

ቤኒያሚና እኔን አየኝ። እኔ ኮኮናቴን አየሁ።

ካቡናሬ ሲወጣ ጠብቄ፣ በገመድ ባልዲ አውርጄ ቀመስሁት። ምላሴ ጫፍ ላይ ጨው አለ። ብዙ አይደለም፤ ምላሱ ደህና የሆነ ሰው ግን አይስተውም።

አንዲት ቃል ነበረች። «በቃ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ያቆም ነበር። አላልሁም። በእኛ ዘንድ ችግኝ ይለመናል፤ ለማኝን መመለስ ነውር ነው። ዘዴ ግን አይለመንም፣ አይሰጥምም። ጥልቀቱ እስከ የት፣ የትኛው ቅጠል ቀድሞ፣ የትኛው ኋላ፣ ይህ የቤተሰብ ነው። አባት ለልጁ በጆሮው ይነግረዋል፤ ሳይናገር የሚሞትም አለ። የሰው ጉድጓድ ላይ ቆሞ ማየት ነውር ነው፣ ቅጠሉን ማድነቅ ደግሞ የባሰ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ለእኔ ነገረኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ አቁሞ፣ ከልጆችሽ በቀር ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ። እኔም አልተናገርሁም። ጎረቤቴ ጉድጓዱን ሲያበላሽ እያየሁ አልተናገርሁም። ይህን የምጽፈው ደህና አድርጌአለሁ ለማለት አይደለም።

አምስት ችግኝ ከቤኒያሚና ለምኖ ተከለ። ለእያንዳንዱ ከፓንዳነስ ቅጠል ታች የሌለው ቅርጫት ሠርቶ አጠለቀለት፣ በውስጡም የደረቀ ቅጠልና ጥቁር አፈር ሞላ። ይህን ሁሉም ያደርጋል። አምስቱም ጸደቁ። በዓመቱ ቅጠላቸው ከጉድጓዱ አፍ ብቅ አለ። ቤቱንም ሠራ፤ ጣሪያው ቀጥ ያለ፣ ገመዱ ሁሉ በመርከበኛ ቋጠሮ የታሰረ። እሑድ እሑድ ራኬራ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። እሷም ታየዋለች። አንዳንዴ «ደህና ነሽ?» ይላታል። «ደህና ነኝ» ትላለች።

በሁለተኛው ዓመት ከምዕራብ ነፋስ መጣ፣ ጨረቃዋም ሙሉ ነበረች። ባሕሩ ከወትሮው በላይ ወጣ። ወደ ማንም ቤት አልገባም፤ እንዲሁ ከሥር ገፋ። በሁለት ሳምንቱ የካቡናሬ ባባይ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ። በወሩ ሦስቱ ተንበረከኩ። ነቅሎ አወጣቸው። ሥራቸው ሲነካ ይፈርስ ነበር።

«ሦስቱ ሞቱ» አለኝ በአጥሩ በኩል፣ ዛሬ ነፋስ አለ እንደሚል ሰው።

«ሁለቱስ?»

«እስካሁን አሉ።»

ያን ሰሞን ራኬራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእኛ በኩል መጣች። መንገዷ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት፣ እግሯ ረዝሞ እንደ ወፍ ሆናለች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። አባቷ ከታች ነበር።

«አምስት ነበሩ» አለችው።

«ሁለት ሆኑ።»

«ለምን?»

«ውኃው ጨው ሆነ መሰለኝ።»

«አትቀምሰውም?»

«ቀመስሁት። አይታወቀኝም።»

በእግሯ ጣት አሸዋ እየጫረች፣ «አያቴ ምንጣፍ ጀምራለች» አለችው። «ትልቅ። ቀይ መስመር ያለው።»

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ» ብላ ሄደች።

ካቡናሬ ከታች ቆሞ ቀረ። ተራው ገና አላለቀም ነበር፤ ግን አካፋውን አላነሳም። ከመጣ ጀምሮ በተራው ላይ ቆሞ ሳይሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ራሴ ጉድጓድ ሄድሁ። ጉድጓዴ ካቡናሬ የኮኮናት አበባ ጭማቂ ሊቀዳ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው፣ በኮኮናት ዝንጣፊ ተጋርዷል። ዝንጣፊውን ነቅዬ ጣልሁት። ከዚያ ደህና የነበረውን፣ አባቴ ልክ ላይ ያቆመውን ጉድጓዴን መሙላት ጀመርሁ። መጀመሪያ በአንዱ ጥግ ያሉትን ባባዮች ከነቅርጫታቸው አንስቼ ወደ ጎን አደረግሁ። ቀጥሎ ጠጠር፤ በጠጠሩ ላይ አሸዋ፤ በአሸዋው ላይ ቅጠል። የትኛው ቅጠል እንደሆነ አልጽፍም። በቅጠሉ ላይ ጥቁር አፈር። ከዚያ ባባዮቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ መልሼ ተከልሁ። የማነጥፈውን ቅጠል አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አነሳ፣ ገልብጬ አይና አኖራለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ባልዲ ይዤ ስወርድ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ።

ቤኒያሚና መጣ፤ መቼ ይቀራል!

«ኧረ ጉድ! ሴትዮዋ ጃጀች! ደህና ጉድጓድ ትደፍናለች!»

«አርጅቶ ነው» አልሁት።

«ጉድጓዱ ወይስ አንቺ?»

«ሁለታችንም። ሥራ ከሌለህ ጠጠር አምጣ።»

«እኔ ከእብድ ጋር አልሠራም» አለና ጠጠር ሊያመጣ ሄደ።

ካቡናሬ ሲያልፍ አየኝ። የሰው ጉድጓድ ቆሞ ማየት ነውር መሆኑን ያውቃልና ዓይኑን መልሶ አለፈ። ሲመለስ ግን ሥራዬ እዚያው ላይ ነበር። አሁንም አነሳሁ፣ ገለበጥሁ፣ አኖርሁ። ቆመ። ጭማቂ የያዘውን ቅል መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም፣ እኔም አንድም ነገር አልነገርሁትም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቤኒያሚና መቀለዱን ተወ። ከጠጠሩ ባልዲ ጋር ቆሞ እኔን አየ፣ ካቡናሬን አየ፣ ከዚያ ዝንጣፊውን ከመንገዱ ላይ አንስቶ ጥግ አስያዘው። ለማንም አልተናገረም፤ ለእሱ ይህ ከባድ ነገር ነው።

ያን ወቅት ከዚያ ጥግ አራት ባባይ ሞተውብኛል። ባባይ ያለ ወቅቱ መነሳት አይወድም።

ካቡናሬ በአራተኛው ቀን የራሱን መሙላት ጀመረ። ጠጠር፣ አሸዋ፣ ቅጠል፣ አፈር። ቅጠሉን እኔ እንዳደረግሁት ገልብጦ አየ። ግን ግማሹን ብቻ ሞላ። በመካከል ከባሕር ዳር ድንጋይ ተሸክሞ ግንብ ሠራ፣ ስንጥቁንም በጭቃና በቅጠል ደፈነው። ከግንቡ ወዲህ ያለው ከፍ ያለ ረግረግ ሆነ፤ ሁለቱን ባባዮች እዚያ አኖራቸው። ከግንቡ ወዲያ ያለውን ጥልቁን እንዳለ ተወው።

አላስቻለኝም። «ያንን ለምን ተውከው?» አልሁት በአጥሩ በኩል።

«ጨው ውኃ ከባድ ነው እማማ። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ጣፋጭና ጨዋማ ሲገናኙ አይቻለሁ፤ ጨዋማው ወደ ታች ይሄዳል። እዚያ ይውረድ። ባባዩ ከላይ ይሁን።»

«እና ያ ባዶውን ይቀመጥ?»

«ዓሣ እከትበታለሁ።»

እውነትም ደሴታችን ካቀፈችው ሐይቅ ዳር ጣት የማያክሉትን የብር መልክ ያላቸውን ዓሦች በጨርቅ እየጠለፈ አምጥቶ ከተተ። ለእነሱ ጨውም ጣፋጭም አንድ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰው ሲቆምባቸው ወደ ላይ እየመጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። የካቡናሬ ቤት ኋላ እንዲህ ሆነ፤ በአንድ ወገን ጭቃና ሁለት ትልልቅ ቅጠል፣ በሌላው ወገን ትንሽ ኩሬ። ጨዋማውን ውኃ ወደ ጎን ማውረድን አባቴም አያውቀውም ነበር። ለልጆቼ ነግሬአቸዋለሁ፣ ከማን እንደሰማሁትም ነግሬአቸዋለሁ።

ከሁለቱ ባባዮች አንዱ በወሩ ሞተ። አንዱ ቀረ። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አየሁ፤ በእርግጥ አላደነቅሁትም።

የራኬራ ቀን የደረሰው አሥራ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት፣ በሥራ ቀን ማለዳ ነበር። የማኩሪታ ጎረቤት ሮጣ መጥታ ነገረችኝ። ወደ ካቡናሬ ሄድሁ። ዓሦቹን እያበላ ነበር።

«የልጅህ ቀን ደርሷል» አልሁት። «ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ይቀመጣሉ።»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው» አለኝ። ስለ ባባዩ ነው የሚያወራው። «አልደረሰም።»

«ያለውን ይዘህ ና።»

«ትንሽ ነው እማማ።»

«ሰማሁህ። ና።»

ቀድሜው ሄድሁ። ቤቱ ሞልቷል። ራኬራ በቀይ መስመሩ ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ በዘይት የተቀባ ፊቷ ያበራል፣ ደክሟታልም። በቀኝዋ አያቷ። በግራዋ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሩዋቱ ባባዩን አምጥቷል፤ ሁለት ሰው በእንጨት አንጠልጥለው ነው ያስገቡት፣ አንድ ሕፃን ያህላል። ሩዋቱ ክፉ ሰው አይደለም። ተቀመጥ ቢሉት ይቀመጣል፣ ልጅቷንም በደንብ ያሳድጋል። እሱም እንደ ሌላው ሁሉ በሩን ያይ ነበር።

ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ «እንግዲህ» አለች ማኩሪታ።

ካቡናሬ በር ላይ ቆመ። በብብቱ በባባይ ቅጠል የጠቀለለውን ይዟል። ጎንበስ ብሎ ገባና ከሩዋቱ ባባይ አጠገብ አኖረው። ቅጠሉን ገለጠ። ከክርኔ እስከ መዳፌ ቢሆን ነው። ከትልቁ ጎን ሲተኛ ከሱ የተቆረጠ ቁራጭ ይመስላል።

አንዷ ሴት ሳቀችና አፏን ያዘች። ሩዋቱ፣ «ወንድሜ፣ ይሄን ባባይ ጡት ሳታስጥለው ነው ያመጣኸው» አለ። ቤቱ ሳቀ። በክፋት አልነበረም። ካቡናሬ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ።

ማኩሪታ አልሳቀችም። ትንሹን ባባይ ወደ ራሷ ጎትታ አገላበጠችው፣ በጥፍሯ ቧጠጠችው፣ አሸተተችው።

«ከማን ጉድጓድ ነው?»

«ከእኔ።»

«ማን ነገረህ አሠራሩን?»

ወደ እኔ እንዳያይ ጸለይሁ። ካየ ልጆቼ ያን ቀን ይሰሙታል፤ የአባቴ ነገር በመንደሩ አፍ ይወድቃል።

«ማንም አልነገረኝም» አለ። እውነቱን ነው። ማንም አልነገረውም።

ማኩሪታ ግን እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፣ ጉድጓዴን መድፈኔንም መንደሩ ሁሉ ሲስቅበት ሰምታለች። ከዚያ ዓይኗን መለሰች። የባባዩን ላይኛ ጫፍ፣ የተቆረጠበትን ቦታ፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ራሱ የት አለ?» አለችው።

ገዝቶ የሚያመጣ ሰው፣ ለምኖ የሚያመጣም፣ ራሱን፣ ቅጠሉ የሚበቅልበትን ጫፍ፣ ወይ ይጥለዋል ወይ የሰጠው ሰው ያስቀረዋል። ጉድጓድ ያለው ሰው ግን ባባይ ባወጣ ጊዜ ከሁሉ በፊት ራሱን ቆርጦ እዚያው ጭቃ ውስጥ መልሶ ይተክላል፣ ከዚያ ነው ሌላውን የሚያስበው። ይህን ማንም አያስተምርም፤ በእኔ ጥግም አላሳየሁትም። ካቡናሬ ሊዘገይ የማይገባው ቀን ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ነው።

ካቡናሬ የተቆረጠውን ጫፍ አየ። ጥያቄው የገባው አልመሰለኝም።

«አባዬ» አለች ራኬራ ከምንጣፉ ላይ። ያን ቀን መናገር የለባትም ነበር። «እግርህ ጭቃ ነው። ምንጣፉን ታበላሸዋለህ።»

ሁላችንም አየን። እስከ ጉልበቱ ጥቁር ነበር፤ ገና እርጥብ ነው፣ በአዲሱ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ጠብ ይል ነበር።

«ይቅርታ» አለ ካቡናሬ። «ራሱን መልሼ ስተክል ዘገየሁ። የመታጠቢያ ጊዜ አልነበረም።» ወደ በሩ ሊመለስ ዞረ። «ታጥቤ እመጣለሁ።»

«ወዴት ትሄዳለህ?» አለች ማኩሪታ። «ምንጣፍ ይታጠባል። ሩዋቱ፣ ፈቀቅ በል፣ ይለፍ።»

ሩዋቱ ፈቀቅ አለ። ካቡናሬ በሰው መካከል ጎንበስ ብሎ አልፎ በልጁ ግራ ተቀመጠ። እግሩን ምንጣፉ እንዳይነካ ወደ ውጭ አድርጎ ሲቸገር ራኬራ አየችው፤ በሁለት እጇ ጉልበቱን ይዛ ወደ ምንጣፉ ሳበችው።